የፍየል ዜማ በዝናብ ዐውድማ

የእህቴ ባል ኒካሲዮ ሲያንጎራጉር ድምፁ የሚወጣው ከጉሮሮው ሳይሆን ከአፍንጫው ነበር። ቢሆንም ፀሐይ ወደ ገደሉ ማዶ ስታዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ያችን ቃል የሌላትን ዜማውን ሲለቃት፣ ፍየሎቹ ከየቁጥቋጦው እየወጡ ወደ በረታቸው ይተሙ ነበር። በሪቶቺ ሸለቆ ያችን ዜማ የማያውቅ አልነበረም። እኛ ሴቶች የእራቱን ባቄላ ከእሳት የምናወርደው እሷን ስንሰማ ነበር።

እኔ ቶሪቢያ እባላለሁ፤ የሚስቱ የኡባልዳ ታናሽ ነኝ። ስለዚህ ኒካሲዮ ዋርሳዬ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዋርሳውን የማይሰድብ ሰው ጠልቶታል ማለት ነው። እኔ አልጠላሁትም፤ ስለዚህ ገና ወደ ቤታችን የመጣ ዕለት፣ "እትዬ፣ ያመጣሽው ባል ነው ወይስ ሙክት?" ብዬ ተቀበልኩት። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ፣ መሬት መሬቱን አየ፣ ብዙ ቆይቶም "አንቺን ያየች ፍየል ወተቷ ይነጥፋል" አለኝ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ይኸው ሆነ፤ እኔ ሙክት እለዋለሁ፣ እሱ ወተት አንጣፊ ይለኛል።

ዓይን አፋርነት የሁላችንም ነው። ሰው ቤት ስንሄድ ዘው ብለን አንገባም፤ ከበሩ ራቅ ብለን፣ በምንታይበት ድንጋይ ላይ ፊታችንን ወደ ሌላ አዙረን እንቀመጣለን። ባለቤቱ ሲፈልግ ወጥቶ ይጠራናል። ሳይጠራ የሚገባው የቤቱ ልጅ ብቻ ነው። ኒካሲዮ ግን ከሁላችንም ይብስ ነበር፤ በራሱ ቤት በር ላይ እንኳ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይገባም። ኡባልዳ "ግባ እንጂ! ቤቱ የማን መሰለህ?" እያለች ስትጮህበት ማዶ ድረስ ይሰማል።

አባታችን ሳቱርኖ የሸለቆው ዜመኛ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት ጠጠር ያለበትን ቅል እያንኳኳ በጭፈራው ዐውድማ በሚቆሙት ሦስት መስቀሎች ፊት የሚዘፍነው እሱ ነው። ዜማዎቹ ቃል የላቸውም። ብዙ ናቸው፣ በተራቸው ካልሄዱ ደግሞ አይሆኑም። አባባ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ኒካሲዮን ያስተምር ጀመር። እኔ ሳቄ መጣ። "አባባ፣ በዚህ አፍንጫ?" አልኩት።

"በላይ ያለው አባት ድምፅ አያማርጥም" አለኝ። "የሚፈልገው የማይረሳ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አይረሳም።"

እውነቱን ነው፤ ኒካሲዮ ምንም አይረሳም ነበር። ያንን ቅል ምን ያህል እንደሚፈልገው ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ግን አባባ ቅሉን መሬት ሲያስቀምጥ ዓይኑ አብሮ ይወርዳል። ከብቱም ቤቱም ምኑም አልነበረም፤ ሕይወቱ በሙሉ አንድ ቀን ያንን ቅል ለመጨበጥ ነበር። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል። የኒካሲዮ ቅል ግን የሰበረው እሱን ራሱን ነው።

ነገሩ የጀመረው ቃል ለቃሚው የመጣ ጊዜ ነው። ጺማሞች የምንላቸው የውጭ ሰዎች ወደ ሸለቆአችን ሲመጡ ወይ ብር ፍለጋ ነው ወይ መሬት ፍለጋ። ይኼኛው ግን በበቅሎ ሳጥን ጭኖ ቃል ፍለጋ መጣ። ኒካሲዮ በልጅነቱ ቆላ ወርዶ ማዕድን ቤት ስለሠራ ቋንቋቸውን ያውቅ ነበርና አፉ ሆነለት። ሰውዬው አፍንጫውን እየነካ "ይህን ምን ትሉታላችሁ?" ይላል፤ ጉልበቱን እየነካ "ይህንንስ?" ይላል፤ ቀበሮ እያሳየ "ያንንስ?"

"የዚህ ሰውዬ አገር ሰው ጉልበት የለውም እንዴ?" አልኩት ኒካሲዮን።

"አለው። የእኛን ስም ነው የሚፈልገው።"

"ስማችንን ወስዶ ምን ሊያደርገው?"

"እንዳይጠፋ ያስቀምጠዋል አለ።"

"እኛ ጋ መቼ ጠፋ?"

ኒካሲዮ ይህን አልተረጎመለትም። ሰውዬውን ግን ልጠላው አልቻልኩም። ኒካሲዮ አስተምሮት ድንጋይ ላይ ፊቱን አዙሮ እስኪጠራ ይጠብቅ ነበር፤ ዝናብ ቢሆን፣ ፀሐይ ቢሆን። የበቆሎ በሶአችንን በውኃ በጥብጠን ስንሰጠው እስከ አተላው ይጠጣል። ጨዋ ሰው ነበር፤ ነገሩን ያከፋውም ጨዋነቱ ነው።

የሳጥኑ ነገር ታየ። መለከት የመሰለ ሰፊ አፍ አለው። በዚያ ውስጥ ሲናገሩበት ድምፁን ሰም ላይ ይይዘዋል፣ በኋላ መልሶ ያወራዋል። ሰውዬው ለአባባ የዝናቡን ዜማ እንዲዘፍንበት ለመነው። ኒካሲዮ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ለሳጥኑ ይዝፈኑለት ይላል" አለ።

"ሳጥኑ ምን ሆነ? ዝናብ ጠፋበት?" አለ አባባ።

"ለማስቀመጥ ነው ይላል።"

"ንገረው። ጠላ ይጠመቅ፣ ፍየል ይታረድ፣ ሰው ይጠራ። ያኔ እዘፍናለሁ፤ ሳጥኑም እንደ ሰው ቆሞ ይስማ። ያለ ድግስ የወጣ ዜማ በላይ ያለውን በከንቱ መጥራት ነው። አንተስ ስምህን ጠርቶ ዝም የሚልህን ሰው ትወዳለህ?"

ሰውዬው ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አላስቸገረም። ጠላው ግን እስኪፈላ ቀን ይፈልጋል፤ የበቅሎ ነጂዎቹ ደግሞ በማግስቱ ካልተነሣን ብለው ይነዘንዙታል። ሊሄድ ሲል ኒካሲዮን ድንኳኑ ውስጥ ጠራውና፣ "አንተስ ታውቀው የለ? አማትህ ያስተምሩህ የለ? እባክህ" አለው።

እዚህ ላይ እኛን የማያውቅ ሰው በኒካሲዮ ይስቅ ይሆናል። እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለእኛ ከባድ ነገር ነው። እምቢ ማለት ስንፈልግ "ነገ" እንልና ተራራ ላይ ወጥተን እንደበቃለን፤ እንግዳውም ገብቶት ይሄዳል። ለኒካሲዮ ግን ነገ የሚባል አልነበረም። የመለከቱ አፍ አፍንጫው ሥር ተደቅኗል፤ ሰውዬው በልመና ዓይን ያየዋል። እውነተኛውን ዜማ ቢዘፍን ከአባባ እጅ መስረቅ ነው። እምቢ ቢል እንግዳ ማዋረድ ነው። በሁለት እፍረት መካከል ተጣበቀና ሦስተኛውን አመጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የፍየሎቹን ዜማ ዘፈነ። ሰውዬው በደስታ እጁን ጨብጦ አልለቀው አለ። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው፤ ለኡባልዳ ነገራት፣ እሷ ደግሞ ለእኔ።

ቃል ለቃሚው ሄደ። ዝናቡም ቀረ። በዚያ ዓመት ቀረ፣ በቀጣዩም ቀረ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። አባባ ማሳል ጀመረ፤ ሲዘፍን ትንፋሽ እያጠረው ይቆማል። አንድ ቀን በሁላችንም ፊት፣ "የዘንድሮው የዝናብ ድግስ የእኔ የመጨረሻ ነው። ቅሉን ለዚህ ልጅ እሰጠዋለሁ" ብሎ ኒካሲዮን በአገጩ አመለከተ። ኒካሲዮ ተነሥቶ ወጣ። ዞር ብዬ ሳየው ከበረቱ ኋላ ቆሞ የአንዲት ፍየል አንገት እያሻሸ ያለቅሳል። "ሙክት ለሙክት ተቃቀፋችሁ?" አልኩት። "ሂጂ አንቺ ወተት አንጣፊ" አለኝ፣ እየሳቀ።

የድግሱ ቀን የጭፈራው ዐውድማ ተጠርጎ፣ ሦስቱ መስቀሎች በቅጠል አጊጠው ቆመው፣ ጠላው በማሰሮ ተደርድሮ፣ አባባ እኩለ ቀን ላይ ጀመረ። ገና ጥቂት እንደሄደ ሳሉ አስቆመው። ዕረፍት ላይ ሳለን ያ ቃል ለቃሚ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀምጦ አየነው። ሳጥኑ ከአጠገቡ ነው። አባባ ራሱ ሄዶ ጠራው፤ እንዲህ ያለ ክብር ነው የሰጠው።

ሰውዬው ገብቶ ጠላ ከጠጣ በኋላ ብዙ ተናገረ፣ ፊቱ እያበራ። የሚተረጉመው ኒካሲዮ ነው። ከንፈሩን ሲልስ ከቆምኩበት አየዋለሁ።

"ስጦታ ይዤ መጥቻለሁ ይላል" አለ።

"ሌላስ?" አለ አባባ። "ብዙ አወራ እኮ።"

"ከእናንተ የወሰድኩትን መልሼ ላሰማችሁ ይላል። ታላቁ... ታላቁ የሸለቆው ዜመኛ የዘፈነው... የዝናቡን ዜማ ይላል።"

"እኔ መቼ ዘፈንኩለት?" አለ አባባ። ሰውዬው ሳጥኑን ከፍቶ እጀታውን አዞረ።

መለከቱ መጀመሪያ እንደ ምጣድ ላይ ቆሎ ተንጣጣ። ከዚያ ያ አፍንጫ መጣ። የእሱ ድምፅ፣ የእሱ ዜማ፣ የፍየሎቹ ዜማ፤ በሦስቱ መስቀሎች ፊት፣ ውኃ በጠፋበት ዓመት። ሁላችንም ወዲያው አወቅነው።

ፍየሎቹም አወቁት። መጀመሪያ ጥቁሯ ባለ ደወል ከላይ ካለው ቁጥቋጦ ብቅ አለች፤ ኋላዋ ሁለቱ ዝንጉርጉሮች፣ ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ ድንጋይ እያንከባለሉ። በቀጥታ ወደ ዐውድማው ገቡ። አንዷ የመስቀሉን ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ አንዷ መለከቱ ውስጥ አንገቷን አስግጋ ጌታዋን ትፈልጋለች። ስቀን ቢሆን ኖሮ ለኒካሲዮ ይቀለው ነበር። እኛ ግን ሁላችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ጣልን፤ ሕፃናት ሳይቀሩ። ስድቡ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ለዋርሳ ሁለት ጊዜ አይመጣም። ግን ኒካሲዮን አየሁት፤ ከንፈሩ እንደታመመ ሰው ነጭ ሆኗል። አሳዘነኝና ዋጥኩት።

"ምን ሆነው ነው?" አለው ሰውዬው ኒካሲዮን። "አልወደዱትም?"

ያኔ አባባ ተነሣ። ቅሉን አነሣና በፍየሎቹ መካከል ገብቶ በዚያ የፍየል ዜማ መጨፈር ጀመረ። እየሳለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእውነተኛው ዜማ እንደሚያደርገው ወዲያ ሄዶ ወዲህ ተመለሰ። የጭፈራው መሪ እሱ ነውና ወንዶቹ ተከተሉት፤ እኛ ሴቶችም ከኋላ ገባን። መስቀሎቹ ፊት የተሰማ ዜማ ሳይጨፈርበት መሬት ላይ መውደቅ የለበትም። የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ማንም ግን አልሳቀም፤ ፍየል እየገፋን ጨፈርን። ሰውዬው ደስታው ዕንባ አመጣበት።

ሰሙ ሲያልቅ አባባ ከግንባሩ ላብ እየተንጠባጠበ፣ "ለእንግዳው ደስ ብሎናል በለው" አለ።

ኒካሲዮ ተረጎመ። ከዚያ በኋላ ለማንም ተርጉሞ አያውቅም። ፍየሎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ማንንም ሳያይ፣ ዳገቱን ይዞ ወጣ። ቅሉ አባባ እጅ ቀረ። ያ ሳጥን አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ሩቅ ከተማ ውስጥ የተማሩ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው የኒካሲዮን ፍየሎች መጥሪያ በአክብሮት ያዳምጡ ይሆናል። ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ዝናቡ በዚያም ዓመት አልመጣም። ማንም በኒካሲዮ አላሳበበም፤ እሱ ግን በራሱ አሳበበ። በሸለቆው የእሑድ ስብሰባ ላይ ዳኛው በትራቸውን ይዘው ጥፋተኞችን ሲገሥጹ፣ ሳይከሰስ ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

"ምን ሰረቅህ?" አሉት።

"ምንም።"

"ማንን መታህ?"

"ማንንም።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልገሥጽህ፣ ልጄ?"

"እኔ እንጃ፣ አባቴ። እስቲ እርስዎ ይፈልጉልኝ።"

ዳኛው ብዙ አሰቡ። አማቱ የጨፈሩበትን ዜማ ጥፋት ነው ማለት አማቱን መስደብ ነው። "ወደ ቤትህ ግባ" ብለው አሰናበቱት። የተገሠጸ ሰው እፍረቱን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ኒካሲዮ ግን ይዞት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ፍየሎቹን በዜማ መጥራት ተወ። በድንጋይና በፉጨት ይነዳቸዋል፤ እነሱም ግራ ገብቷቸው በየገደሉ ያድራሉ። ድግስ ሲኖር ጠላውን ያመጣል፣ እንጨቱን ይፈልጣል፣ ጭፈራ ሲጀመር ግን ከዐውድማው ወጥቶ ያ ሰውዬ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። እንደ እንግዳ፣ እስኪጠራ።

"አባባ፣ ጥራው እንጂ" አልኩት አንድ ቀን። "እዚያ ደርቆ ሊቀር ነው።"

"ልጅ አይጠራም" አለኝ። "ልጅ ይገባል። ከጠራሁት እንግዳዬ ነህ ማለቴ ነው። እኔ እሱን እንግዳ አላደርገውም።"

ይኸው ነበር። አንዱ እስኪጠራ ይጠብቃል፣ ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል። ሁለቱም ተዋደው፣ ሁለቱም ተፋፍረው፣ በመካከላቸው ያ ቅል። እኔም ብሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒካሲዮን መስደብ አልሆነልኝም። ሙክት ልል አፌን ስከፍት ፍየሎቹ ዐውድማው ላይ ይታዩኛል፤ ቁስል መነካካት ይሆንብኛል። በደህና ቃል "እንደምን ዋልክ?" እለዋለሁ። እሱም "ደህና" ይለኛል። አንድ ቀን ኡባልዳ መጥታ፣ "ቶሪቢያ ጠላችኝ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ" አለችኝ።

አባባ ቅሉን ለማንም ሳይሰጥ ሞተ።

በእኛ ዘንድ ለወንድ ሟች ሦስት ድግስ ይደገስለታል። በየድግሱ ጥቂት ጥቂት ይርቃል፤ በሦስተኛው ይሰናበታል። የመጨረሻው ካልተዘፈነለት ቤቱን እየዞረ ይቀራል፣ ከብቱን ያሳምማል፣ የልጅ ልጆቹን በሕልማቸው ይጠራቸዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከማዶው ሸለቆ ዜመኛ ለምነን አመጣን። ለሦስተኛው ያ ሰው ራሱ ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ጠላው ፈልቷል፣ ፍየሉ ታርዷል፣ ሰዉ ተሰብስቧል፤ የአባባ ብርድ ልብስ፣ ጫማውና ቅሉ መስቀሎቹ ሥር ተዘርግተዋል። ፀሐይ ወደ ገደሉ ማዶ እያዘቀዘቀች ነው። የሚዘፍን ግን የለም።

ሰው ሁሉ ዜማዎቹን የሚያውቀውን ሰው ላለማየት መሬት መሬት ያያል። ኒካሲዮ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ጀርባው ብቻ ይታያል።

"ሂጂ ጥሪው" አለችኝ ኡባልዳ፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ። "እኔን እምቢ ብሎኛል።"

"ልጅ አይጠራም ብሏል አባባ።"

"አባባ ሞቷል!"

"ስለሞተ ቃሉን ላፍርስ?"

እንግዲህ ሰው ሆኖ ሊጠራ ካልቻለ፣ ሌላ ጥሪ አውቃለሁ። ዐውድማው ዳር ሄጄ ቆምኩ፤ አፍንጫዬን ነፋሁና ያችን የፍየል ዜማ ለቀቅኳት። ከኋላዬ ሰው ሁሉ ሲደነግጥ ሰማሁ፤ አንዲት አሮጊት "ምን ነካት?" አለች። እኔም አፈርኩ። ግን እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት።

ኒካሲዮ ጀርባውን ቀና አደረገ። አልዞረም።

"አንተ ሙክት!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ፍየሎቹ እንኳ ሲጠሩ ይመጣሉ! አንተ ከፍየል ታንሳለህ?"

ከዚያ ተነሣ። ራሱን እንደደፋ ቁልቁለቱን ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም።

"አንቺን ያየች ፍየል ወተቷ ይነጥፋል" አለኝ።

መስቀሎቹ ሥር ተንበረከከና ቅሉን በሁለት እጁ አነሣው። ጠጠሩ አንድ ጊዜ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ከመጀመሪያው ዜማ ጀምሮ በተራቸው፣ አንድም ሳይረሳ፣ በዚያ አፍንጫው አባባን ሸኘው። ሲዘፍን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እኛም ልናየው አልደፈርንም፤ ሁላችንም መሬት መሬቱን እያየን ከኋላው ጨፈርን።